ቀጥታ ከለገ አዳሚ

ሚሬ የሞተችው የለገ አዳሚ አንቴና ከመተከሉ በፊት ቢሆን ኖሮ፣ እህቷ ቀመሪያ እንደ ማንኛውም ሐዘንተኛ አልቅሳ፣ ሰደቃዋን አውጥታ፣ ወደ በርበሬ ንግዷ ትመለስ ነበር። የሞተችው ግን አንቴናው ከተመረቀ በኋላ ነው።

ለገ አዳሚ ከድሬ ዳዋ ወጣ ብሎ፣ የመኪናው መንገድ ካለቀ በኋላ ደግሞ በእግር ተሂዶ የሚደረስበት፣ ቁልቋል የከበበው መንደር ነው። ሚሬ ቦና የሚባል ገበሬ አግብታ እዚያ ገባች። ቀመሪያ ከተማ ቀርታ ቀፊራ ገበያ ውስጥ በርበሬና እርድ ትቸረችራለች። እናታቸው የሞተችው ሚሬ ገና ጡት ሳትተው ስለነበር ያሳደገቻት ቀመሪያ ናት። ሚሬ ለቀመሪያ እህትም ልጅም ነበረች።

መንደሩ ኔትወርክ አልነበረውም። ስልክ መደወል የፈለገ ሰው ኮረብታ ይወጣል፤ ያም ሰማዩ ከጠራለት ነው። ደንበኛው ጥቂት፣ ተራራው ብዙ በሆነበት አገር የትኛውም ኩባንያ ከኪሱ አውጥቶ አንቴና አይተክልም። ኋላ መንግሥት ለገጠር ኢንተርኔት ማስፋፊያ ድጎማ መደበ፤ አክሳሪ ቦታ ላይ የሚሠራ ድርጅት ወጪው ይሸፈንለታል ተባለ። የለገ አዳሚንና የአካባቢዋን መንደሮች ሥራ ያገኘው ኸባብ ነበር።

ኸባብ የመጋላ ሠፈር ልጅ ነው። እሱና ቀመሪያ ልጆች ሳሉ አንድ ቁርኣን ቤት ነው የተማሩት። ከጉምሩክ አስተላላፊነት ተነስቶ ኤሌክትሮኒክስ አስመጪ፣ ከዚያም የራሱ ድርጅት ባለቤት ሆነ። ሀብቱ ሰው አላስጠላውም። ሽርጥ አገልድሞ ባጃጅ ላይ ሲቀመጥ ያየ ሁሉ «ኸባቤ» እያለ ይጠራዋል፤ ለሰርግም ለለቅሶም አይቀርም።

አንቴናው በተመረቀ ቀን ሚሬ ለመጀመሪያ ጊዜ በቪዲዮ ደወለች። ቀመሪያ የበርበሬ እጇን በልብሷ ጠርጋ ስልኩን ስታነሳ የእህቷ ፊት መስታወቱን ሞልቶት አገኘችው።

«አየሽኝ?» አለች ሚሬ እየሳቀች። «እዪ እንግዲህ፣ ሆዴን እዪ!»

«ቀስ በይ አንቺ፣ ስልኩን ትጥይዋለሽ!»

«አንቺ ግን አረጀሽ ወላሂ። በርበሬው ነው እንዴ?»

ከኋላዋ ጭብጨባ ይሰማል፤ አንድ ባለሥልጣን በድምፅ ማጉያ ይናገራል። ሚሬ ጆሮዋን በአንድ እጇ ደፍና «ከእንግዲህ በየቀኑ ነው የምደውልልሽ!» ብላ ጮኸች።

በማግስቱ አልደወለችም። ከዚያም በኋላ አልደወለችም። ከመንደሩ ወደ ገበያ የወረዱ ሰዎች ኔትወርኩ እንደጠፋ፣ ብልሽት ነው፣ ይስተካከላል እንደተባሉ ነገሯት። ቀመሪያም ይስተካከላል ብላ ጠበቀች።

ዝናቡ ሲጀምር ሚሬን ምጥ ያዛት። ልጅቷ ተወለደች፣ የሚሬ ደም ግን አልቆም አለ። ቦና ስልኩን ይዞ ወደ አንቴናው ሮጠ። ሥሩ ቆሞ፣ ስልኩን ወደ ብረቱ ከፍ አድርጎ፣ አምቡላንስ ደወለ፤ ቀመሪያ ጋ ደወለ፤ ቁጥሩ ያለው ሰው ሁሉ ጋ ደወለ። አንድም አልጠራም። ወንዶቹ ቃሬዛ ሠርተው ተሸከሟት። ወደ መኪናው መንገድ ሲወርዱ ወንዙ ሞልቶ ያዛቸው፤ እዚያው ወንዙ ዳር፣ ውሃው እስኪጎድል ሲጠብቁ፣ ሚሬ አለፈች።

ለቅሶው ላይ ኸባብ ቀፊራ አጠገብ ወዳለው የቀመሪያ ቤት መጣ። ሩዝና ስኳር በባጃጅ አስጭኖ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ከሰዉ ጋር ዱዓ አደረገ። ሊሄድ ሲነሳ ቀመሪያ ፊት ተንበርክኮ እጇን ያዘ።

«ምነው ብትደውሉልኝ ኖሮ!» አላት፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «መኪናዬን እልክ ነበር እኮ። አንድ ስልክ፣ ቀመሪያ! አንድ ስልክ ብቻ!»

ቀመሪያ አመሰገነችው። እንዲያውም እንባውን ስታይ አብራው አለቀሰች። ሚሬ የት መንደር እንደሞተች አልጠየቃትም፤ እሷም አልነገረችውም።

ለቅሶው ካበቃ በኋላ ሕፃኗን ለማየት ለገ አዳሚ ወጣች። ቦና ልጅቷን ፊርዶስ ብሎ ስም አውጥቶላት፣ የጎረቤት ሴት ጡት ታጠባለታለች። ቀመሪያ ልጅቷን አቅፋ ከቆየች በኋላ «ያን አንቴና አሳየኝ» አለችው።

አንቴናው ኮረብታው ላይ ቆሟል፤ ቀይና ነጭ ቀለሙ ገና አዲስ ነው። ከሥሩ የብረት ሳጥን አለ። የአንቴናው ዘበኛ፣ ደመወዙ ከምርቃቱ በኋላ ቀርቶበት ልምድ ሆኖበት ብቻ የሚመጣ ሽማግሌ፣ የሳጥኑን በር ሳበው። ቁልፍ የለውም። ውስጡ ገለባ ተጎዝጉዞ ዶሮ እንቁላሏን ታቅፋለች።

«ዕቃውስ?» አለች ቀመሪያ።

«ወሰዱት» አለ ዘበኛው።

«መቼ?»

«ምርቃቱ ባለቀ በነጋታው። የኸባብ መኪና መጣና ባትሪውንም፣ ሳህኑንም፣ ሽቦውንም ነቅለው ጫኑ። የት ነው የምትወስዱት ብላቸው፣ ወዲያ ማዶ ያለው መንደር ሊመረቅ ነው አሉኝ። ከዚያ ሲጨርሱ ደግሞ ወደ ሌላው ወሰዱት አሉ።»

ቀመሪያ ነገሩን ለመረዳት ሌላ ሰው ማስረዳት አላስፈለጋትም። ያው አንድ ዕቃ ከመንደር መንደር እየዞረ ይመረቃል፤ በየምርቃቱ ድጎማው ይለቀቃል። ብረቱ ብቻ ይቀራል። እህቷ የሞተችው ባዶ ብረት ሥር ተደውሎላት ነው።

«አላህ የጻፈው ነው» አለ ቦና ቀስ ብሎ፣ ፊቷን አይቶ ስለፈራ።

ቀመሪያ «ብትደውሉልኝ ኖሮ» ያላትን ሰው፣ እጇን የያዘበትን እጅ፣ ያቀረረውን እንባ እያሰበች ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ ለሚሬ ማልቀስ ተወች። የምታለቅስበትን ጉልበት ለሌላ ነገር አስቀመጠችው።

ወደ ከተማ ስትመለስ አቤቱታ ማቅረብ አሰበች፣ ተወችውም። የምትከሰው ሰው ሻይ የሚጠጣበትን ቤት ታውቃለች፤ ክሱን ከሚቀበሉት ጋር ነው የሚሻየው። ቢጠየቅ ዕቃውን ለአንድ ቀን መልሶ ያስገባና ይኸው ይሠራል ይላል። ደግሞም በጓሮ እንዲጠየቅ አልፈለገችም። በሰው ፊት እንዲሆን ፈለገች፤ በሚጨበጨብለት ቦታ፣ በአዲስ ልብሱ፣ ሁሉም እያየው።

የኸባብ ሚስት ሳቢሪን ከዚራ ሠፈር፣ ጥላ ባለው ጎዳና ላይ ባለ ትልቅ ግቢ ትኖራለች። ቀመሪያ በርበሬ ይዛላት ሄደች። በርበሬው ጥሩ ስለነበር ሁለተኛ ጠራቻት፤ ቀመሪያም እርድ፣ ከዚያ አብሽ፣ ከዚያ ድቁስ ይዛ መመላለስ ጀመረች። ሳቢሪን ደግ ሴት ናት። ባሏ ቤት አይውልም፤ ሰው ሲመጣላት ደስ ይላታል። ምሳ ከደረሰ «አቦ ብዪ፣ የት ትሄጃለሽ?» እያለች ታስቀምጣታለች። ቀመሪያም ከመሶቡ እየበላች፣ እየሳቀች፣ ጆሮዋን ከሳሎኑ አታነሳም። ከኸባብ ጋር ሲተያዩ የቁርኣን ቤቱን ሼህ አርጩሜ እያነሱ ይሳሳቃሉ። ስትስቅ ጥርሷ ሁሉ ይታያል፤ ቤቷ ስትገባ ግን መንጋጋዋን ያማታል።

እንዲህ ሆና ክረምቱ አለፈ፣ በጋው አለፈ፣ ሌላ ክረምት ገባ።

አንድ ከሰዓት ኸባብ ከሥራ አስኪያጁ ከኑሪ ጋር ጫት እየቃመ በርጫ ላይ ተቀምጧል። በሩ ክፍት ነው። ቀመሪያ ከሳቢሪን ጋር በረንዳው ላይ ቃሪያ ትቀነጥሳለች።

«አዲስ አበባዎቹ ሊመጡ ነው» ይላል ኸባብ። «ሁለተኛውን ዙር ድጎማ ከመልቀቃቸው በፊት የመጀመሪያው ሲሠራ ማየት አለብን አሉ።»

«በምን ይሠራል?» አለ ኑሪ። «ዕቃው እኮ መኪናው ወንዙ ውስጥ ሲገለበጥ ተሰባበረ። የቀረ የለም።»

«መንገዱ በጎርፍ ስለተቆረጠ መንደር አይወጡም። አዳራሽ ሆነው በቪዲዮ ነው የሚያዩት። ቀጥታ ከለገ አዳሚ።»

«ከለገ አዳሚ በምን?»

«አንተ ደግሞ! እዚሁ ደቻቱ ወንዝ ዳር የአጎቴ አሮጌ ግቢ አለ አይደል? የጭቃ ቤት አለው፣ ቁልቋል አለው፣ ሁለት ፍየል እናስገባለን። ካሜራው ከግቢው አይወጣም። ማን ያውቃል?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የሚያስቸግረኝ ሰው ነው። ከገጠር ባመጣ ያፍራል፣ ይርበተበታል፤ አማርኛም አይችልም። ተናጋሪ ሴት ብታገኝልኝ።»

ሳቢሪን ከበረንዳው አንገቷን አስግጋ፣ ምን እየተባለ እንደሆነ በቅጡ ሳይገባት፣ «ቀመሪያ አለች አይደል?» አለች። «ኦሮምኛውም አማርኛውም እንደ ውሃ ነው።»

ኸባብ ቀመሪያን አየት አድርጎ ትንሽ አሰበ። አንድ ሠፈር ነው ያደጉት፤ ለቅሶዋ ላይ የተቀመጠ ሰው ነው፤ ማዕዱን የቀመሰች ሴት ናት።

«ነይ እስቲ ቀመሪያ» አላት። «ትንሽ ውለታ ትውይልኛለሽ? ድራማ በይው።»

«ላንተ ምን አይደረግም?» አለች፤ ቃሪያውን አስቀምጣ ገባች።

የምትለውን ነገራት። የገጠር እናት ናት። ስልኩን በእጇ ይዛ፣ እንደ ሰው እያወራች፣ አዳራሹን ሰላም ትላለች። ከዚያ ኔትወርኩ ምን እንደጠቀማት ትናገራለች።

«ልብ የሚነካ ነገር ነው የሚፈልጉት» አለ ኸባብ። «እንዲህ በይ፤ ልጄን ምጥ ያዛት፣ ደም ፈሰሳት፣ በዚህ ስልክ ደወልን፣ አምቡላንስ ደረሰልን።»



«ልጅቷ ዳነች ልበል?» አለች ቀመሪያ።

«አዎ! ዳነች በይ። ሕፃኑም ዳነ።»

«ስሟንስ ማን ልበላት?»

«የፈለግሽውን።»

«ሚሬ ልበላት።»

«ሚሬ» አለ ኸባብ፣ አፉ ላይ እንደሚሞክረው ሁሉ። «ጥሩ ነው፤ የገጠር ስም ነው።»

ቀመሪያ ወደ በረንዳው ተመልሳ ቃሪያዋን አነሳች። ሳቢሪን «ቃሪያውን ጨፈለቅሽው እኮ፣ ምነው?» አለቻት። «ቃሪያው አቃጠለኝ» አለች።

በቀጠሮው ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ ከዋናው ጎዳና ገባ ብሎ ባለው ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ከአዲስ አበባ የመጡት እንግዶች ፊት ለፊት ተቀመጡ። ከኋላቸው የከተማው ሹማምንት፣ ነጋዴዎች፣ ሽማግሌዎች፣ የኸባብ ዘመድ አዝማድ። ሳቢሪንም አዲስ ድራዕ ለብሳ ከፊት ነበረች። መድረኩ ላይ ትልቅ ሸራ ተወጥሯል። ኸባብ ሱፍ ለብሶ ስለ ገጠሩ ሕዝብ ተናገረ፤ ኢንተርኔት እንደ ንጹሕ ውሃ መብት ነው አለ፤ ተጨበጨበለት። «አሁን» አለ እጁን ወደ ሸራው ዘርግቶ፣ «ቀጥታ ወደ ለገ አዳሚ እንሄዳለን።»

ሸራው ላይ የጭቃ ቤት፣ ቁልቋል፣ ሁለት ፍየሎች፣ ነጠላ ሻሽ ያሰረች ሴት ብቅ አሉ። ምስሉ ጥርት ያለ ነበር። አዳራሹ በአድናቆት አጉረመረመ።

«አሰላሙ ዓለይኩም» አለች ቀመሪያ።

ደቻቱ ዳር ባለው ግቢ ውስጥ ኑሪ ከስልኩ ጀርባ፣ ክራቫቱን አስሮ፣ በእጁ ምልክት እያሳየ ቆሟል። ቀመሪያ የተባለችውን በሙሉ አለች። ልጄን ምጥ ያዛት አለች። ደም ፈሰሳት አለች። ስሟ ሚሬ ነው አለች። ኑሪ አውራ ጣቱን ከፍ አደረገላት።

«ደወልን» አለች።  ከዚያ «ከየት እንደምደውልላችሁ ላሳያችሁ» ብላ ወደ በሩ መራመድ ጀመረች።

ኑሪ ሁለት እጆቹን አወዛወዘ፤ ተመለሺ፣ ተመለሺ። ስልኩን ሊቀማት ተነሳና ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ካሜራው ፊት ከገባ አዳራሹ በሙሉ ሱፍና ክራቫት የለበሰ የለገ አዳሚ ገበሬ ሊያይ ነው። ጎንበስ ብሎ፣ በግድግዳው ጥግ፣ እንደ ሌባ እየተሳበ ተከተላት። እሷ ግን የቆርቆሮውን በር ከፍታ ወጥታለች።

ስልኩን ወደ ውጭ አዞረችው።

ሸራው ላይ ከተማውን ለሁለት የሚከፍለው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ተዘረጋ። ድልድዩ ታየ፤ ድልድዩ ላይ ባጃጆች፣ ሚኒባስ፣ ሽንኩርት የጫነ ጋሪ። አንዱ ባለባጃጅ አንገቱን አውጥቶ «ቀመሪያ! ቀፊራ ነሽ? ግቢ!» ብሎ ጮኸ።

መጀመሪያ የሳቀው ከኋላ ያለ አንድ ነጋዴ ነው። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። ያንን ድልድይ በየቀኑ የማይሻገር ሰው አልነበረበትም። የአዲስ አበባ እንግዶች ብቻ ግራ ተጋብተው ግራና ቀኝ ያያሉ፤ አንዱ ጎረቤታቸው ጎንበስ ብሎ በጆሯቸው ሲነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ።

«ቁረጠው!» አለ ኸባብ ኮምፒውተሩ ላይ ለተቀመጠው ልጅ። «ተበላሽቷል፣ ቁረጠው!»

ከእንግዶቹ መሐል የነበሩ መነጽር ያደረጉ ሴትዮ ተነሥተው ቆሙ። «አይቆረጥም» አሉ። «እናቴ፣ ይቀጥሉ።»

ቀመሪያ ስልኩን ወደ ፊቷ መለሰችው። ሳቁ ቆመ፤ ምክንያቱም ፊቷ ላይ የሚያስቅ ነገር አልነበረም።

«እኔ ቀመሪያ ነኝ፤ የቀፊራ በርበሬ ሻጭ። ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ሚሬ እህቴ ናት፤ በእጄ ነው ያደገችው። አልዳነችም። ለገ አዳሚ ያለው አንቴና ሥር ባሏ ቆሞ ደወለ፤ ማንም አልሰማውም፤ ምክንያቱም ብረቱ ባዶ ነው። ዕቃውን በምርቃቱ ማግስት ነቅለው ወሰዱት። ሌላ መንደር አስመረቁበት። ከዚያም ሌላ። ሂዱና ሳጥኑን ክፈቱት፤ ዶሮ ነው የምታገኙት። ዛሬ ደግሞ እህቴ ዳነች በይ ተብዬ እዚህ ቆምኩ።»

ስልኩን ወደ ፊቷ ይበልጥ አቀረበችው።

«ኸባብ፣ ለቅሶዬ ላይ መጥተህ ብትደውሉልኝ ኖሮ ብለኸኛል። ይኸው ደወልኩልህ። ሰው ሁሉ እያየህ ነው። በል አናግረኝ!»

ኸባብ መድረኩ ላይ፣ የሱፉን ቁልፍ እየነካካ፣ ሸራው ላይ ከእሱ አሥር እጥፍ የገዘፈውን የሴትየዋን ፊት እያየ ቆሞ ቀረ። ያን ጊዜ ኑሪ ደርሶ ስልኩን ሲነጥቃት ምስሉ ተገለበጠ፤ መጨረሻ የታየው የድሬ ዳዋ ሰማይ ነው።

ቪዲዮው ከሰዓት ሳይሆን ከተማውን አዳረሰው። በሳምንቱ ውስጥ አጣሪዎች የተቆረጠውን መንገድ በእግር ተሻግረው መንደሮቹን አዩ፤ ሁሉም ቦታ ያው ባዶ ሳጥን ነበር። ኸባብና ኑሪ ተያዙ፣ ከዚያም በዋስ ወጡ።

ሳቢሪን ቀፊራ መጣች። ድራዕዋን በእጇ ሰብስባ፣ የበርበሬው መደብ ፊት ቆመች። ፊቷ አብጧል።

«ቤቴ ገብተሽ» አለች፣ «ማዕዴ ላይ ቀርበሽ… ይሄንን እያሰብሽ ነበር?»

«አዎ» አለች ቀመሪያ።

«እኔ ምን በደልኩሽ?»

«አንቺ ምንም አልበደልሽኝም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ምንም። መግቢያው አንቺ ጋ ነበር፤ በአንቺ ገባሁ።»

ሳቢሪን የምትመታት መስሏቸው አጠገቧ ያሉት ሴቶች ተነሡ። አልመታቻትም። ዞራ በሰዉ መሐል ሄደች። ቀመሪያ በርበሬ የሚገዛ ሰው ጠርቷት እስክትባንን ድረስ ጀርባዋን አየች። ሳቢሪንን ትወዳት ነበር፤ ይኼ ሐሰት አልነበረም። ያም ሆኖ፣ ነገሩ እንደገና ቢመጣ እንደገና እንደምታደርገው ታውቃለች።

ፍርዱ ሲቃረብ ሽማግሌዎች መጡ። ጁምዓ ተሰግዶ እንዳበቃ ነው፤ ኸባብን አስከትለው የቀመሪያ ግቢ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። ቦናም ነበር፤ ፊርዶስ ጭኑ ላይ ተኝታለች። ሽማግሌዎቹ አስቀድመው እሱ ጋ ሄደው እንደነበር ቀመሪያ ያኔ ነው የገባት።

«ሰውዬው አጥፍቷል» አሉ ትልቁ ሽማግሌ። «ካሣ ይከፍላል። ለልጅቷ ሳቢያን ሠፈር ቤት ይገዛላታል፤ እስክታድግ ያስተምራታል። ካንቺ የሚፈልገው አንድ ቃል ነው። ዳኛው ፊት ሐዘን አሳብዶኝ ነው፣ ያየሁትን በቅጡ አላየሁም በይ። ጠበቃው ይህን ይዞ ይከራከርለታል።»

ቀመሪያ ኸባብን አየችው። ከስቷል። ዓይኑን ከምንጣፉ አላነሳም።

«የእህቴን ስም ታውቃለህ?» አለችው።

«ሚሬ» አለ።

«መቼ አወቅከው?»

 ለቅሶዋ ላይ የበላ፣ ዱዓ ያደረገ፣ እጇን የያዘ ሰው ሚሬ የሟቿ ስም መሆኑን ያወቀው ከሸራው ላይ ሲሰማ ነው። ሽማግሌዎቹም ይህን አስተውለው ተያዩ።

«በሉ ውሃ ጠጡና ሂዱ» አለች ቀመሪያ። «አልታረቅም።»

«ቀመሪያ!» ቦና ነበር የጮኸው፤ ልጅቷ ባነነች። «አንቺ ተበቅለሽ ልትረኪ ነው። እኔ ግን ልጅ ነው የማሳድገው! በምን ላሳድጋት? በቁልቋል?»

«በዚሁ በርበሬ እናሳድጋታለን። ሚሬንም ያሳደግኳት በእሱ ነው።»

«ሚሬ ላንቺ ብቻ አልሞተችም» አለ ቦና። «አንቴናው ሥር የቆምኩት እኔ ነኝ። እኔ ይብቃ ካልኩ አንቺ ማነሽ?»

ይኼ ከተነገራት ሁሉ ከበዳት።  ቦና እውነቱን ነው፤ እሱም ልክ ነው። ግን ዓይኗን ስትጨፍን የሚታያት ምንጣፉ ላይ ያቀረቀረው ሰው አይደለም፤ ያ እንባ ያቀረረው ነው።

«ይብቃ ልትል ትችላለህ» አለችው በመጨረሻ። «እኔ ግን ያላየሁትን አየሁ፣ ያየሁትን አላየሁም አልልም። ለእሱ አልልለትም።»

ቦና ልጁን ታቅፎ ተነሣ። ሳይሰናበታት ወጣ።

ፍርድ ቤት ቀርባ መሰከረች። ዘበኛውም መሰከረ። ጠበቃው «ሐዘን ላይ ነበሩ አይደል?» ሲላት «አሁንም ሐዘን ላይ ነኝ፤ ዓይኔ ግን ደህና ነው» አለች። ኸባብ ረጅም ዓመት ተፈረደበት፤ ንብረቱም ተወረሰ። ፖሊሶች ሲያወጡት ደረጃው ላይ አጠገቧ ደረሰ፣ ቆመ።

«በቃሽ አሁን?» አላት። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ የምር መጠየቁ ነበር።

«አልበቃኝም» አለችው።

በማግስቱ ለገ አዳሚ ወጣች። ቦና የቤቱን ግድግዳ ጭቃ ይመርጋል። ፍርዱን ነገረችው። እጁን ሳያቆም ሰማት።

«ኔትወርኩስ?» አለ።

«ጨረታው እንደ አዲስ ይወጣል ተብሏል።»

«መቼ?»

«እንጃ።»

«ይኸውልሽ» አለ ቦና፤ ወደ ማዶ ባለ ቤት በአገጩ ጠቆመ። ደጃፉ ላይ አንዲት እርጉዝ ሴት ማሽላ ታበጥራለች። «እሷን ምጥ ቢይዛት አሁንም በቃሬዛ ነው።»

 ፊርዶስ ገና መራመድ እየተማረች ነው፤ ግድግዳውን ይዛ መጥታ ጭቃ የነካ እጇን ቀሚሷ ላይ አሳረፈች። ቀመሪያ አንሥታ አቀፈቻት፤ የያዘችላትን ልብስ አለበሰቻት። ቦና የበቆሎ እሸት ጠብሶ ሰጣት።  ስትነሣ እስከ ወንዙ ድረስ ሸኛት፤ ውሃውን ስታልፍ እጇን ያዘላት።

አይሱዙው ላይ ከሽንኩርት ኬሻ ጋር ተቀምጣ ወደ ከተማው ስትቃረብ ስልኳ ኔትወርክ አገኘና ደጋግሞ ጮኸ። የገበያ ጓደኞቿ የላኩት ፎቶ ነበር፤ ኸባብ፣ ሱፍ የለም፣ ሽርጥ የለም፣ ወደ እስር ቤት መኪና ሲወጣ፣ ፖሊሱ ክንዱን ይዞ ይደግፈዋል። ፎቶውን በጣቶቿ አስፍታ ፊቱን አቀረበችው። ያ ፊት ፈርቶ ነበር።

ያቺ እርጉዝ ሴት ከልቧ አልወጣችም። የቦና ቃልም አልወጣም። ሳቢሪንም። ግን ፎቶውን እያየች ከንፈሯ ፈታ ሲል ተሰማት፤ መኪናው ላይ ያሉት ሰዎች እያዩዋት መሆኑንም አወቀች። ፈገግታዋን አልሰበሰበችውም። መኪናው ወደ ቀፊራ እስኪታጠፍ ድረስ እያየችው፣ እየፈገገች ሄደች።